ጠበል ጠዲቅ ላይ በየቋንቋችን ተከፋፍለን እንቀመጣለን፤ ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነው (ጎንደር)

ዳቦ_ቆራጭ (የክሩ ጀማሪ) · እሁድ ከቀኑ 9፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው። ትዕግሥት ካላችሁ አንብቡት፣ ከሌላችሁ መጨረሻውን ብቻ አንብባችሁ ስደቡኝ።

ጎንደር ነኝ፣ ተወልጄ ያደግሁትም እዚሁ ነው። የአንድ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ መስተንግዶ ክፍል አገለግላለሁ። የደብሩን ስም አልጠራም። የግቢ ልጆች ብዙ ይመጡልናል፤ ከወለጋ፣ ከአርሲ፣ ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከትግራይ፣ ከየትም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ፊት ለፊት ዳቦና ቆሎ እናቀርባለን። ባለፈው ወር ዳቦውን እየቆረስኩ ቀና ብዬ አየሁ። ኦሮምኛ የሚናገሩት ቧንቧው ጋ። ከደቡብ የመጡት ጥዱ ሥር። ትግርኛ የሚናገሩት ሦስት ልጆች ግንቡ ጥግ፣ እነሱ እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት። እኛ የከተማው ልጆች በሩ አጠገብ ነን፣ ከዳቦው ቅርብ። አራት ዓመት ቆርሻለሁ። ቢላዋው ከእኛ እጅ ወጥቶ አያውቅም።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ለዓመታዊ ጉባኤያችን ከኦሮሚያ የመጡት ልጆች አንድ መዝሙር በኦሮምኛ እናቅርብ ብለው ጠየቁ። በደብዳቤ ነው የጠየቁት። በደብዳቤ! በየሳምንቱ አብረን ዳቦ የምንበላ ሰዎች። የመርሐ ግብሩ አስተባባሪ እኔ ነበርኩና «ሰዓት አይበቃም» ብዬ መለስኩ። ውሸቴን ነው። ለምስጋና ንግግር ብቻ ሃያ አምስት ደቂቃ ይዘን ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ፈራሁ። ሕዝባችን ቆስሏል። ከወለጋ የተፈናቀለ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። አንድ ሰው ተነስቶ ቢወጣስ፣ ቢጮህስ ብዬ።

ልጆቹ ምንም አላሉም። «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉና ሄዱ። በሚቀጥለው እሁድ ቧንቧው ጋ ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህም የለም።

ምን ላድርግ? ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ልበል? ወይስ ማንሳቱ ይብስ ያጎላዋል? ጉባኤው በእንግዳ መምህር ምክንያት አንድ ወር ተራዝሟል፣ ስለዚህ ጊዜ አለ።

---

ቀጥ_በል · እሁድ ከቀኑ 10፡15

ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ነህ ነገሩን የፈጠርከው። ማን የት ተቀመጠ ብለህ ስትቆጥር። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች አይሁዳዊ የለም፣ የግሪክ ሰው የለም ብሏል፣ አለቀ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ብሔር አይቆጠርም።

ስለ መዝሙሩም ልክ ነው ያደረግከው። ዛሬ አንድ መዝሙር፣ ነገ አንድ ቅዳሴ፣ ከነገ ወዲያ አንድ ሲኖዶስ። የ2015ን ጥር ረሳችሁት? ጥር 14 ቀን ወሊሶ ላይ ከሲኖዶሱ ፈቃድ ውጭ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ተሾሙ ሲባል አገር በሙሉ ጥቁር ለብሶ አልነበረም እንዴ? የተነሳውም «በቋንቋችን እንገልገል» ተብሎ ነው።

---

ጉልላት_ላይ · እሁድ ከቀኑ 10፡22

«እዚህ ቤት ልዩነት የለም» የሚለው ሰው ሁልጊዜ ዳቦው ጋ የቆመው ነው፣ አስተውላችኋል?

---

ከነቀምት · እሁድ ከምሽቱ 1፡05

የደብሩን ስም ባትጠራም ቧንቧዋን አውቃታለሁ። አትዘጋም፣ ሁልጊዜ ጠብ ጠብ ትላለች። እዚያ ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ስለዚህ በቀጥታ ልንገርህ።

ለምን እዚያ እንደምንቀመጥ ጠይቃችሁን አታውቁም። ፖለቲካ የምናወራ ይመስላችኋል። መጨረሻ ያወራነው ስለ አናቶሚ ፈተና ነበር። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ፣ ዶርምና ባጃጅ ውስጥ በአማርኛ ነው የምኖረው። አማርኛ እጽፋለሁ፣ እያያችሁት ነው። ስናገር ግን እስከ ዛሬ «አንተ»ና «አንቺ» ይምታታብኛል። በኦሮምኛ ለወንድም ለሴትም «አቲ» ነው። መጀመሪያ ዓመት ላይ አንድ ካህን ፊት ቀርቤ «አባ፣ መስቀል አሳልሚኝ» አልኳቸው። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባ አልሳቁም። አሳለሙኝና «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ» አሉኝ። ሳቁ ግን እስከ ሁለተኛ ዓመት ተከተለኝ፣ «አሳልሚኝ» የሚል ቅጽል ስም ወጣልኝ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ፣ አልቀየምኩም። ግን ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አፉን ሳይጠብቅ ማውራት ያምረዋል። ቧንቧው ጋ ያለው ይኸው ነው።

ሌላው ስም ነው። «ስምህ ማነው?» ትሉኛላችሁ። እናገራለሁ። ወዲያው «እሺ፣ የክርስትና ስምህስ?» ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጠውን ደጀኔን ግን የክርስትና ስሙን ማንም አይጠይቀውም። ደጀኔ የሚባል ጻድቅ አለ እንዴ? የኔን አያቴ ናት ያወጣችው፣ ትርጉሙ ምስጋና ማለት ነው። የክርስትና ስሜን እወደዋለሁ፣ የቆረብኩበት ነው። ግን አንዱን ስጠራ ሌላውን እንደ ይለፍ ወረቀት ስትጠይቁኝ ገና በር ላይ ያለሁ ይመስለኛል።

ስለ ወለጋ ያልከውን አንብቤያለሁ። እዚያ ያለቀሰው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። የአጎቴ ቤት ተቃጥሏል። ማን እንዳቃጠለው እስካሁን አናውቅም። እዚህ ለማን ይነገራል?

መዝሙሩ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው።

---

ዳቦ_ቆራጭ · እሁድ ከምሽቱ 2፡30

አነበብኩት። ሁለቴ። ምን እንደምመልስልህ ጠፋኝ። «አሳልሚኝ» ብለው ከሳቁት መሃል እኔም ነበርኩ።

ቧንቧዋን እናሠራታለን።

---

ከነቀምት · እሁድ ከምሽቱ 2፡34

አታሠሯት፣ ምልክታችን ናት።

---

የበአታ_ተማሪ_ነበርኩ · ሰኞ ጠዋት 3፡10

ሽማግሌ ነኝ፣ ስልክ ላይ ስጽፍ እዘገያለሁ፣ ታገሡኝ ልጆቼ።

እኔ በወጣትነቴ አቋቋም ልማር ጎንደር በአታ የመጣሁ ሰው ነኝ። ጎጆ ቤቱ ውስጥ ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ትግሬው፣ ሸዌው ነበርን። ስማችን ያ ነበር። አገራችን ነው ስማችን። መሰዳደቡም አይቀርም ነበር፤ ጎጃሜውን በመተት፣ ሌላውን በስስት፣ ሁሉም የየራሱ አለችው። በእንተ ስማ ለማርያም ብለን የለመንናትን ቁራሽ ግን አኩፋዳችንን ገልብጠን አንድ ላይ ነበር የምንበላት፤ የማን ከማን እንደሆነ የሚያውቅ ውሻው ብቻ ነው።

የኔታ አንድ ነገር ያደርጉ ነበር። አዲስ ተማሪ ሲመጣ የአገሩ ልጅ ካለበት ጎጆ አያስገቡትም። ሆን ብለው ነው። ትግሬውን ከወሎዬው፣ ጎጃሜውን ከሸዌው። ሌሊት ቀለም የሚያስቀጽለውም የሌላ አገር ልጅ ነው። እኔን ያስቀጸለኝ የአድዋ ልጅ ነበር፣ በቁጣ ነበር የሚያስተምረኝ፣ ስሳሳት ጆሮዬን ይቆነጥጠኝ ነበር። ዛሬም ማሕሌት ቆሜ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ጆሮዬን የሚበላኝ ይመስለኛል።

ግዕዝ ደግሞ የማናችንም የእናት ቋንቋ አይደለም። እዚያ ሁላችንም እኩል ተሳሳቾች ነበርን። አንተ ልጄ፣ የነቀምቱ፣ «አሳልሚኝ» ስትል የሳቁብህ ልጆች ግዕዝ ንባብ ሲጀምሩ ብትሰማቸው አንተም ታርፍ ነበር።

---

ቀጥ_በል · ሰኞ ጠዋት 4፡00

አባታችን፣ በትህትና፣ እርስዎ ያሉት እኮ የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። ሁሉም በአንድ ቋንቋ፣ በግዕዝ።

---

የበአታ_ተማሪ_ነበርኩ · ሰኞ ጠዋት 4፡45

ግማሹን ነው የሰማኸኝ ልጄ።

የተክሌ ዝማሜን፣ መቋሚያ ይዞ የሚዘመምበትን ስልት፣ ታውቃለህ? አለቃ ገብረ ሃና ያመጡት፣ ልጃቸው ተክሌ ያስፋፋው። መጀመሪያ ሲመጣ የጎንደር ሊቃውንት አዲስ ነገር ነው፣ አንቀበልም አሉ። ዛሬ ስንት ደብር ነው በተክሌ የሚዘምመው? ታዲያ ያሬድ ተሻረ? የጎንደሩ አቋቋም ጠፋ? አብረው አሉ።

ገላትያን ጠቅሰሃል፣ መልካም። እኔ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ልጥቀስልህ። ከግሪክ አገር የመጡ አይሁድ፣ መበለቶቻችን በዕለት ዕለቱ ምግብ ተረስተውብናል ብለው አጉረመረሙ። ስለ ምን ነው ጠቡ? ስለ ዳቦ! ሐዋርያት «እዚህ ቤት ግሪክም ዕብራይስጥም የለም፣ ዝም በሉ» አላሉም። ሰባት ሰው ምረጡ አሉ። ሕዝቡ ማንን መረጠ? እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ስማቸውን ተመልከት፣ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቢላዋውን ላጉረመረሙት ሰጧቸው ማለት ነው።

---

ጉልላት_ላይ · ሰኞ ጠዋት 4:52

ኧረ አባ! ይሄን ስብከት መድረክ ላይ ሰምቼው አላውቅም።

---

የቋራ_ልጅ · ሰኞ ከሰዓት 8፡20

ነገርን ነገር ያነሳዋል። ኦሮምኛ ለጎንደር እንግዳ የሆነ ይመስል ስታወሩ ገረመኝ። ፋሲለደስ ከተማዋን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ከዚያ መቶ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ግንቡ ውስጥ ኦሮምኛ ይነገር ነበር። ዳግማዊ ኢያሱ ውቢት የምትባል የወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ አገቡ፣ ልጃቸው ኢዮአስ በ1755 ነገሠ፣ የእናቱ ወገኖችም ቤተ መንግሥት ገቡ። አያቱ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ የኔው አገር ሰው ናቸው፣ ከቋራ። ቁስቋምን ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

ከተማዋ ዙሪያስ? አገው አለ፣ ቅማንት አለ፣ ወለቃ ላይ ቤተ እስራኤል ነበሩ። አዲስ ዓለም እስላም ቤት ይባል ነበር። ጎንደር አንድ ዓይነት ሆና የኖረችበትን ዘመን የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

---

ቀጥ_በል · ሰኞ ከሰዓት 8፡41

መጨረሻውንም ንገራቸው እንጂ። የኢዮአስ እናት ወገንና የምንትዋብ ወገን ተፋጠጡ፣ ራስ ሚካኤል ስሑል አስታርቁ ተብለው ከትግራይ መጡ፣ ኢዮአስ በ1769 ተገደለ። ከዚያ ዘመነ መሳፍንት። የአብሮነት ምሳሌ ብለህ ያመጣኸው ይሄን ነው?

---

የቋራ_ልጅ · ሰኞ ከሰዓት 9፡15

ልክ ነህ፣ አልክድም። ምሳሌ ይሁን ብዬ አይደለም፣ «ባዕድ ነው» የሚለው ይቅር ብዬ ነው። ግን ጠቡ በምን ነበር? ማን ምን ቋንቋ ተናገረ በሚል ሳይሆን ሹመቱ ለማን ይሁን በሚል። እቴጌይቱ የቋራ ዘመዶቻቸውን ሾሙ፣ ውቢት የወሎ ወንድሞቿን አመጣች። ሁሉም የየራሱን ሰው ማዕዱ ጋ ሲያስጠጋ የመጣ ጣጣ ነው። ዳቦ ቆራጩ ያነሳው እኮ ይሄንኑ ነው፣ መጠኑ አነሰ እንጂ።

---

አወያይ · ሰኞ ከምሽቱ 12፡30

ሦስት አስተያየቶች ተነስተዋል። ክርክሩ ይቀጥል፣ ብሔር ጠርቶ የሚሰድብ ግን ሁለተኛ አይጽፍም።

---

ሁለት_አገር_አለኝ · ሰኞ ከምሽቱ 3፡50

ሁልጊዜ አነባለሁ፣ ጽፌ አላውቅም። ግንቡ ጥግ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩት ልጆች ሆዴን በሉት።

አክሱም ነው የተወለድኩት። ጎንደር አግብቼ፣ ወልጄ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ከጥቅምት 2013 በኋላ ጦርነቱ መጣ፣ ስልክ ተቋረጠ። እናቴ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር። የማርያም ማኅበር አለን፣ አሥራ ሁለት ሴቶች። በየወሩ እሄድ ነበር፣ ቡና አፈላ ነበር፣ እቃም አጥብ ነበር። አንዲትም ሴት ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ይሄን መመስከር አለብኝ። ግን አንዲትም ሴት «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አላለችኝም። የሁሉም እናት ይጠየቃል፣ የኔ ሲደርስ ወሬው ወደ ሽንኩርት ዋጋ ይዞራል። ክፉ ሆነው አይደለም። ጨንቋቸው ነው። እኔም ጨንቆኝ አላነሳሁም። እንዲህ ሆነን ወራት አለፈ።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ቤት መጡ። ቁጭ ብለው ቡና ጠጡና «እናትሽ እንዴት ናቸው?» አሉኝ። «አላውቅም አባ» አልኩ። «እንደማታውቂ አውቃለሁ። የክርስትና ስማቸውን ስጪኝ፣ ቅዳሴ ላይ አስባቸዋለሁ» አሉ። ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ቅዳሴ በሄድኩ ቁጥር አሁን ስሟን አነሱት ይሆን እያልኩ ነበር የምቆመው። የነቀምቱ ወንድሜ፣ አንተ የክርስትና ስም መጠየቁ እንዳቆሰለህ ገባኝ፤ እኔን ደግሞ ያቆመኝ እሱ ነው። አጠያየቁ ነው መሰለኝ የሚለየው።

ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ስልኩ ሲከፈት እናቴን አገኘኋት። ለማኅበሩ ሴቶች ስነግራቸው እልል አሉ፣ አለቀሱ፣ አንዷ እግሬ ላይ ወድቃ «ሳልጠይቅሽ» አለችኝ። ይቅር ብያለሁ። ግን ዳቦ ቆራጭ፣ «ማንሳቱ ያጎላዋል ወይ» ላልከው፣ ያለማንሳቱ ምን እንደሚመስል ነገርኩህ።

---

ጴንጤው_ጎረቤታችሁ · ማክሰኞ ጠዋት 2፡00

በናንተ ቤት ልግባ ካልከፋችሁ። እኛም ጋ ያው ነው፣ እንዳትቀኑብን።

ጉባኤያችን ትንሽ ናት፣ ከተማው ውስጥ። ብዙዎቹ ከደቡብና ከወለጋ ለሥራና ለትምህርት የመጡ ናቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም በየቋንቋው የከሰዓት ፕሮግራም ከፈትን። በጣም ደስ ይል ነበር፤ አንድ ወላይታ ወንድማችን በአማርኛ ሲጸልይ ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር፣ «ጦሳ» ብሎ በራሱ ቋንቋ ሲጀምር ግን ማን ያስቆመው! ግማሽ ሰዓት እያለቀሰ ይጸልያል። ለካ ይሄን ሁሉ ተሸክሞ ነው ዝም ብሎ የሚቀመጠው።

ቆይቶ ግን መዘምራኑ ተለያዩ፣ የመባ ሳጥኑ ተለየ፣ ቀጥሎ አንዱ ክፍል ለብቻው አዳራሽ ተከራየ። ስለዚህ ቀጥ በል የሚፈራው ነገር ውሸት አይደለም፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሳጣራው ግን የወጡት በቋንቋቸው ስለዘመሩ አይደለም። ሽማግሌ ሲመረጥ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእነሱ አንድ ሰው ስላልገባ ነው። ዘምሩ ተብለዋል፣ ወስኑ ግን አልተባሉም።

በነገራችን ላይ የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሁለቱም በልጅነታቸው ተሸጠው ባሪያ የነበሩ ሰዎች፣ የደከሙበት ሥራ ነው። የታተመውም በግዕዝ ፊደል ነበር።

---

ቀጥ_በል · ማክሰኞ ጠዋት 2፡35

ቢያንስ አንድ ሰው ፍርሃቴ ከመሬት እንዳልተነሳ መሰከረልኝ። ያውም ጴንጤ።

---

ከነቀምት · ማክሰኞ ከሰዓት 7፡10

ቀጥ በል፣ አንድ ልጠይቅህ። በ2015 ጥር እኔም ጥቁር ለብሼ ነበር። አገር ቤት ነበርኩ፣ ያን ጥቁር ለብሶ እዚያ መንገድ ላይ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ አንተ አታውቀውም። የካቲት 8 ስምምነቱ ሲፈረም ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ከዚያ ጎንደር መጣሁና «ሰዓት አይበቃም» ተባልኩ። እዚያ «የነፍጠኛ ቤተ ክርስቲያን» እያሉ ይሰድቡኛል፣ እዚህ በመዝሙሬ ትጠረጥሩኛላችሁ። የቱ ጋ ልቁም?

---

ቀጥ_በል · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡20

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሐሳቤን አልቀየርኩም፣ ግን ይሄን አላሰብኩትም።

---

ዳር_ሰፈር · ረቡዕ ጠዋት 1፡30

ሁላችሁም ስለ ቋንቋ ታወራላችሁ። እኛ ጋ ቋንቋ የለም። ከከተማው ወጣ ያለ ሰፈር ነው የኛ። አማራና ቅማንት። ቋንቋው አንድ፣ ታቦቱ አንድ፣ ለቅሶው አንድ፣ ከውጭ የመጣ ሰው ማን ማን እንደሆነ አይለየንም። ያም ሆኖ በ2011 አካባቢ የሆነውን ታውቃላችሁ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም፣ ሆድ ይፍጀው።

እናቴ የገብርኤል ጽዋ ማኅበርተኛ ናት። ነገሩ ገና ትኩስ እያለ ተራው ደረሰ፣ ያውም እዚያኛው ወገን ቤት። ማኅበርተኞቹ ሰዎቹን ሊያስወግዷቸው አልፈለጉም። በጨዋ ቋንቋ ነው የተናገሩት፦ «ለዚህ ወር ይለፋቸው፣ እንዳንጭንባቸው፣ ችግር ላይ ናቸው።» ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እናቴ ዝም ብላ ሰማች። ሲመሻሽ ነጠላዋን አጣፋች፣ ጽዋውን ብድግ አድርጋ ብቻዋን ሄደች። እኔ ልከለክላት ከኋላ ከኋላዋ ሮጥኩ። አልሰማችኝም።

ሰውዬው በር ላይ ወጡ። ጽዋውን አዩት። «እትዬ፣ ጠላ አልጠመቅንም» አሏት። እናቴ «ውኃስ የላችሁም?» አለች። ሚስትየዋ ከውስጥ ሳግ ሲይዛት ይሰማኝ ነበር።

በወሩ ማኅበሩ እዚያ ቤት ተደረገ። ዘጠኝ ሰው ነው የመጣ፣ ሌላው ቀረ። ጽዋው ውኃ ተሞልቶ ዞረ፣ ቆሎ ተቆረጠመ፣ ካህኑ ጸሎት አደረጉ። ዕርቅ ወረደ አልላችሁም። እስከ ዛሬ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች አሉ። ተራው ግን ቤት ዘሎ አያውቅም። እናቴ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ስጠይቃት «ገብርኤል ቤት ይመርጣል እንዴ?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

---

ሁለት_አገር_አለኝ · ረቡዕ ጠዋት 2፡15

እናትህን ሳምልኝ።

---

ዳቦ_ቆራጭ · ከአንድ ወር በኋላ፣ እሁድ ከምሽቱ 2፡00

ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሙዝ ገዝቼ ማራኪ አካባቢ የተከራዩበት ግቢ ሄድኩ። ነቀምቴው ጨጨብሳ እየሠራ ነበር። «ይቅርታ ላደርግ፣ ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» እያልኩ ተደናበርኩ፤ አማርኛው እኔንም ተምታታብኝ። «እሺ፣ መጀመሪያ ብላ» አለኝ። በላሁ። ከዚያ ይቅርታውን አልኩ፣ ስለ ሃያ አምስት ደቂቃውም ነገርኳቸው። አንደኛዋ ልጅ «እናውቃለን፣ ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር» አለች። መሬት ብትከፈት በገባሁ።

ሌላው ልጅ ወረቀት አቀበለኝ። «ከልብህ ከሆነ ተማረው፣ አብረን እናቅርበው» አለኝ። ግጥሙ በቁቤ ነበር የተጻፈው፣ እሱ እያነበበልኝ በኛ ፊደል ገለበጥኩት። ቁጭ ብዬ እንደ ቆሎ ተማሪ ቀጸልኩ። ሁለት ሳምንት! ስዘምር «ላፋ» አልኩ። ነቀምቴው አስቆመኝ። «ለፈ ነው እንጂ። ለፈ ማለት ምድር ነው። ላፋ ካልክ ለስላሳ ማለት ነው። ምድር ታመስግን እያልን አንተ ለስላሳ ታመስግን ትላለህ» አለኝ። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ተራዬ ነበር፣ ዋጥኩት። አሁን እኔን «ላፋ» እያሉ ነው የሚጠሩኝ።

ዛሬ ጉባኤው ተደረገ። ከከተማው ልጆች ስድስት ሆነን ከእነሱ ጋር ቆምን። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንዲት እናት ከመጀመሪያው ጀምረው ያጨበጭባሉ። ስንጨርስ ወደኔ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ ይሄ ግዕዝ ነው?» አሉኝ። «ኦሮምኛ ነው እማማ» አልኳቸው። «እኔኮ ግዕዝ መስሎኝ!» አሉ። ፈራሁ። ትንሽ አሰብ አደረጉና «እንግዲህ አንዴ እጄ ሞቋል» ብለው እንደገና አጨበጨቡ።

ሁለት ሰዎች መሃል ላይ ተነስተው ወጥተዋል። አንደኛው አጎቴ ነው። ማታ ደውሎ ያልተናገረኝ ነገር የለም። ከወለጋ የመጡትን ዘመዶቻችንን ስም አንድ በአንድ ጠራልኝ። አልመለስኩለትም፣ ምን ብዬ? ነገ ቤቱ እሄዳለሁ።

ከጉባኤው በኋላ ዳቦ ቀረበ። ያው ቧንቧው ጋ ተቀመጡ፣ ያው ጥዱ ሥር፣ ያው ግንቡ ጥግ። ግን ቢላዋውን ለነቀምቴው ሰጥቼው እኔ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ጥጉን መረጥኩ፣ ውኃው እግሬ ላይ ይንጠባጠባል። ልጁ ደግሞ ዳቦ መቁረስ አይችልም። ወፍራም ወፍራም አድርጎ ቆርሶ ግንቡ ጥግ ላሉት ሳይደርስ አለቀ። ከጎረቤት ሱቅ ዳቦ ተገዝቶ መጣ።

---

ጉልላት_ላይ · እሁድ ከምሽቱ 2፡09

ጵሮኮሮስም መጀመሪያ ቀን እንዲህ ሳያደርግ አልቀረም።

---

ቀጥ_በል · እሁድ ከምሽቱ 2፡40

ሰዓቱ በቃ?

---

ዳቦ_ቆራጭ · እሁድ ከምሽቱ 2፡42

አሥራ አንድ ደቂቃ ተረፈ።

---

ቀጥ_በል · እሁድ ከምሽቱ 3፡15

የወረቀቱን ፎቶ ላክልኝ። ግጥሙ ምን እንደሚል ለማየት ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስቡ።

---

ከነቀምት · እሁድ ከምሽቱ 3፡17

ስትልክለት «ለፈ» የሚለውን አስምርበት። አንድ ላፋ ይበቃናል።